አልማዝ ባለጭራ እና ነርቭ፦ የአንድ የተለመደ ቫይረስ ብርቅ ጉዳቶች እንዴት እንደ ታወቁ

መግቢያ

በሀገራችን አልማዝ ባለጭራ የሚለውን ስም የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በአንድ የሰውነት ጎን ላይ እንደ መቀነት ተስቦ የሚወጣው፣ ውኃ የቋጠረውና የሚያቃጥለው ሽፍታ ለሐኪም ከመታየቱ በፊት በጎረቤትና በቤተሰብ ዘንድ ስሙ ተሰጥቶት ያድራል። ይህንኑ ሕመም ግሪኮች «ዞስተር» ብለውታል፤ ትርጉሙ መታጠቂያ ማለት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ጭራ ሰጥቶታል። ሁለቱም ስሞች የተነሡት ከአንድ ትዝብት ነው፦ ሽፍታው እንደ ሌሎች የቆዳ ሕመሞች እንደ ልቡ አይበተንም፤ የተወሰነ መንገድ ይከተላል፣ የሰውነትን መካከለኛ መስመርም አብዛኛውን ጊዜ አያልፍም። ይህ መንገድ የነርቭ መንገድ መሆኑን ለማወቅ ግን የሕክምና ሳይንስ ብዙ ዘመን ወስዶበታል።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ አንድ የራሴ ስሕተት ነው። ከሕክምና ትምህርት ቤት በተመረቅሁ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ የገጠር ሆስፒታል ስሠራ፣ ፊታቸው ወደ አንድ ወገን የተጣመመ፣ የቀኝ ዓይናቸው አልከደን ያለ አንድ ካህን መጡ። «ነፋስ መትቶኝ ነው» አሉ። እኔም በካርዳቸው ላይ «የቤል የፊት ሽባነት» ብዬ ጻፍሁ፤ ቫይታሚን አዘዝሁላቸው፣ ጊዜ እንደሚፈውሳቸውም ነግሬ አሰናበትኋቸው። በራሳቸው ላይ ጥምጥም ነበረ፤ ከአክብሮት የተነሣ እንዲፈቱት አልጠየቅሁም። ከሳምንታት በኋላ የዓይናቸው ብሌን ቆስሎ ተመለሱ። ያን ጊዜ ጥምጥሙ ሲፈታ በጆሯቸው ቅርጽና በቀዳዳው ዙሪያ የደረቀ የሽፍታ ጠባሳ ታየ። «አባቴ፣ ያን ጊዜ ይህን ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ፊቴ ነው፤ ጆሮዬ ላይ የወጣው አልማዝ ባለጭራ መሆኑንማ አውቀው ነበር» አሉኝ።

ሕመምተኛው በሽታውን በስሙ ያውቁት ነበር፤ ሐኪሙ ግን አላየውም። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ታሪክም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጉድፍንና አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው አንድ ቫይረስ በነርቭ ላይ የሚያደርሳቸው ብርቅ ጉዳቶች የታወቁት፣ የሕመምተኛን ሰውነት በጥንቃቄ ባዩና ያዩትንም በጻፉ ሐኪሞች ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፈንጣጣ ጥላ መውጣት

ጉድፍ፣ ብዙዎች በእንግሊዝኛው አጠራር ቺክን ፖክስ የሚሉት የልጆች በሽታ፣ ለብዙ ዘመን ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ አልታየም ነበር። እንደ ቀላል የፈንጣጣ ዓይነት ይቆጠር ነበር። በ1767 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን ሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች መሆናቸውን አስረዳ። ልዩነቱ ለስም ብቻ የሚጠቅም አልነበረም፤ ጉድፍ የያዘው ልጅ ከፈንጣጣ ድኛለሁ ብሎ ሳይጠነቀቅ ቢቀር አደጋ ላይ ይወድቅ ነበርና። በሀገራችንም ኩፍኝ፣ ጉድፍና ፈንጣጣ የሚሉት ስሞች ከቦታ ቦታ ሲቀያየሩ መስማታችን ይህ የስም መደበላለቅ የአውሮፓ ችግር ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል።

አልማዝ ባለጭራ በበኩሉ የቆዳ በሽታ ተብሎ በቆዳ ሐኪሞች እጅ ቆየ። ከጉድፍ ጋር ዝምድና ይኖረዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አንዱ የልጆች ነው፤ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ የአረጋውያን። አንዱ ከልጅ ወደ ልጅ እየዘለለ ቤቱን ሁሉ ይይዛል፤ ሌላው በአንድ ሰው ላይ ብቻውን ብቅ ይላል። አንዱ ገላን ሁሉ ይሸፍናል፤ ሌላው በአንድ ጠባብ መስመር ይወሰናል። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ማስረጃ ከመገኘቱ በፊት መጀመሪያ መመለስ የነበረበት ጥያቄ መስመሩ ከየት መጣ የሚለው ነበር።

የነርቭ ቋጠሮው

በኩላሊት በሽታ ጥናቱ የሚታወቀው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ብራይት በ1831 የሽፍታው አቀማመጥ ከነርቭ ሥርጭት ጋር እንደሚመሳሰል አመለከተ። ሐሳቡን በአስከሬን ምርመራ ያረጋገጠው በበርሊን ሻሪቴ ሆስፒታል የቆዳ በሽታዎች ሐኪም የነበረው ፌሊክስ ፎን ቤሬንሽፕሩንግ ነው። ከ1861 እስከ 1863 ባሳተማቸው ጽሑፎች፣ ሽፍታው ከወጣበት መስመር ጋር በሚገናኘው፣ ከኅብለ ሰረሰር ጎን በሚገኘውና ጋንግሊዮን በሚባለው የስሜት ነርቭ ሕዋሳት ቋጠሮ ላይ ብግነት መኖሩን አሳየ። በዚህም የአልማዝ ባለጭራ መነሻ ቆዳ ሳይሆን ነርቭ መሆኑ ታወቀ፤ ቆዳው የሚያሳየው የሕመሙን መጨረሻ ነው።

ይህን ግኝት ወደ ታላቅ ሥራ ያደረሱት ሔንሪ ሔድ እና አልፍሬድ ዋልተር ካምቤል ናቸው። ሔድ የነርቭ ሐኪም ነበር፤ ካምቤል ደግሞ በአውስትራሊያ ተወልዶ በእንግሊዝ ሀገር በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በፓቶሎጂ ባለሙያነት የሠራ ሐኪም ነው። በ1900 «ብሬን» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ሰፊ ጽሑፍ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባቸው የነበሩ 21 ሰዎችን የአስከሬን ምርመራ ውጤት አቀረቡ። በቋጠሮው ውስጥ የደም መፍሰስና ብግነት፣ ከዚያም በሁለቱም አቅጣጫ፣ ወደ ቆዳና ወደ ኅብለ ሰረሰር፣ የሚሄዱት የነርቭ ክሮች መበስበስ አገኙ። የትኛው ቋጠሮ እንደ ታመመና ሽፍታው በየትኛው የቆዳ ክፍል ላይ እንደ ወጣ በማነጻጸርም እያንዳንዱ የኅብለ ሰረሰር ነርቭ የሚያገለግለውን የቆዳ ክልል የሚያሳይ ካርታ ሠሩ።

ዛሬ የሕክምና ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚያጠናው የቆዳ ስሜት ካርታ አንደኛው ምንጭ ይህ ሥራ ነው። ሐኪሙ በመርፌ ጫፍ የሕመምተኛን ደረትና ሆድ እየነካ ጉዳቱ በስንተኛው አከርካሪ ላይ እንደሆነ ሲገምት የሚጠቀምበት ዕውቀት በከፊል የተገኘው ከአልማዝ ባለጭራ ሕሙማን ነው። የዘመኑ ሐኪሞች በሕይወት ያለ ሰው ላይ ሊሠሩት የማይችሉትን ሙከራ በሽታው በተፈጥሮ ሠርቶ አሳይቷቸዋል፤ አንዲትን የነርቭ ቋጠሮ ለይቶ በማጥቃት ክልሏን በቆዳው ላይ ጽፎ አስቀምጧልና።

ጆሮና ፊት

የስሜት ነርቭ ቋጠሮ ሲታመም ሕመምና ሽፍታ ቢከተል የሚጠበቅ ነው። ሽባነት ግን ለምን ይከተላል? ጥያቄው ከ1866 ጀምሮ ተነሥቷል፤ በዚያ ዓመት እንግሊዛዊው ሐኪም ብሮድቤንት ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ የክንድ መድከም የደረሰበትን ሕመምተኛ ገለጸ። ብግነቱ ከስሜት ነርቭ ቋጠሮ ተነሥቶ ወደ ጎረቤቱ የእንቅስቃሴ ነርቭ ሊሻገር እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻል ነበር።

በኒውዮርክ የነርቭ ሐኪም የነበረው ጄምስ ራምሲ ሃንት በ1907 በጆሮ ላይ የሚወጣ ሽፍታና የፊት ሽባነት አንድ ላይ ሲገኙ አንድ በሽታ መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። በእርሱ አስተያየት የታመመው በጆሮ አጥንት ውስጥ በፊት ነርቭ ላይ የሚገኘው ጄኒኩሌት የተባለው ቋጠሮ ነው። ከዚያው አጠገብ የመስማትና የሚዛን ነርቭ ስለሚያልፍ አንዳንዱ ሕመምተኛ ጆሮው ይደነቁራል፣ ይጮኽበታል፤ ሌላው ይዞርበታል፣ ያስመልሰዋል። በሽታው እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል።

የሃንት ሐሳብ ሁሉም ወዲያው የተቀበሉት አልነበረም። በ1944 ዴኒ ብራውን፣ አዳምስ እና ፊትዝጄራልድ ባቀረቡት የአስከሬን ምርመራ የፊት ነርቭ በጽኑ ተቃጥሎ ሳለ ቋጠሮው ግን በአንጻሩ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ክርክሩ የቫይረሱን ዘረመል በጥቂት ናሙና ውስጥ ለይቶ ማግኘት እስከ ተቻለበት እስከ 1990ዎቹ ዘለቀ። ይህ ሁሉ ሲሆን በአልጋው አጠገብ ያለው እውነት ግን አልተለወጠም፦ ፊቱ የተጣመመ ሰው ሲመጣ ጆሮውን፣ ላንቃውንና ምላሱን ማየት ያስፈልጋል። ሽፍታው አንዳንድ ጊዜ በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ብቻ ስለሚታይ የጆሮ ማያ መሣሪያ ካልተጠቀምን ያመልጠናል፤ ከሽባነቱ በኋላም ሊወጣ ስለሚችል አንድ ጊዜ አይቶ ማሰናበት አይበቃም።

ልዩነቱ ለሕመምተኛው ብዙ ትርጉም አለው። የቤል የፊት ሽባነት የያዛቸው አብዛኞቹ ሰዎች ያለ መድኃኒትም ይድናሉ። የራምሲ ሃንት በሽታ ግን ይበልጥ ከባድ ነው፤ ካልታከመ ሙሉ በሙሉ የሚድነው ሰው ጥቂት ነው። በ1997 ጃፓናዊው ሙራካሚና ባልደረቦቹ 80 ሕሙማንን መርምረው ባሳተሙት ጥናት፣ አሲክሎቪርና ፕሬድኒሶሎን ሽባነቱ በጀመረ በ3 ቀናት ውስጥ ከተሰጣቸው መካከል 75 በመቶ የሚሆኑት ሙሉ በሙሉ አገግመዋል፤ ከ7 ቀናት በኋላ ከጀመሩት መካከል ግን ወደ 30 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ናቸው ያገገሙት። ጥምጥሙን ሳላስፈታ ያሳለፍሁት ጊዜ ዋጋው ይህ ነበር።

ሁለቱ በሽታዎች አንድ መሆናቸው

የቡዳፔስቱ የሕፃናት ሐኪም ያኖሽ ቦካይ በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ላይ አንድ ነገር አስተዋለ። በአንድ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው አልማዝ ባለጭራ ሲወጣበት ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያው ቤት ያሉ ልጆች ጉድፍ ይይዛቸዋል። በአጋጣሚ ነው እንዳይባል ተደጋገመ። ቦካይም የሁለቱ መነሻ አንድ ሊሆን ይችላል ሲል ጻፈ። በቪየና ኩንድራቲትስ በ1925 ባሳተመው ሥራ ከአልማዝ ባለጭራ ሽፍታ የተቀዳ ፈሳሽ ጉድፍ ይዟቸው ለማያውቅ ሕፃናት ቢሰጥ የጉድፍ ዓይነት ሽፍታ እንደሚያስከትል አሳየ። ሙከራው በዛሬ የሙያ ሥነ ምግባር ፈጽሞ የማይፈቀድ ነው፤ ዕውቀቱን ስንጠቀምበት በምን ዋጋ እንደ ተገኘ መዘንጋት የለብንም።

በ1943 የቦስተኑ ሐኪም ጆሴፍ ጋርላንድ፣ ቫይረሱ ከውጭ እንደ አዲስ የሚመጣ ሳይሆን በልጅነት ከያዘ ጉድፍ ተርፎ በሰውነት ውስጥ አድፍጦ የቆየ ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቀረበ። ቶማስ ዌለር ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሁለቱም በሽታዎች የተወሰደውን ቫይረስ በላቦራቶሪ በሕዋሳት ላይ ማራባት ቻለ። ዌለር ከኤንደርስና ከሮቢንስ ጋር በፖሊዮ ቫይረስ ሥራቸው የ1954 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሳይንቲስት ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1958 ባወጡት ሥራ ከሁለቱ በሽታዎች የተገኘው ቫይረስ አንድ መሆኑን በበለጠ ማስረጃ አጸኑ። ስለዚህም ቫይረሱ የሁለቱንም ስም ይዞ ቫሪሴላ ዞስተር ተባለ።

የሲረንሴስተሩ ሐኪም

ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የሮበርት ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን ድርሻ ነው። ሆፕ ሲምፕሰን የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አልነበረም። በእንግሊዝ ሀገር ሲረንሴስተር በምትባል አነስተኛ ከተማ የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነበር። በእርሱ ክትትል ሥር የነበረው ሕዝብ 3500 ያህል ነው። ከ1947 እስከ 1962 ድረስ ለ16 ዓመታት በዚህ ሕዝብ ውስጥ የታየውን እያንዳንዱን አልማዝ ባለጭራ መዘገበ። በጠቅላላው 192 ሆኑ፤ በዓመት ከ1000 ሰው 3.4 ማለት ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ብዙ ነገር አነበበ። በሽታው ከዕድሜ ጋር እየጨመረ ይሄዳል። ጉድፍ በወረርሽኝ መልክ ሲመጣ አልማዝ ባለጭራ አብሮት አይጨምርም፤ ጉድፍ ሲጠፋም አብሮት አይጠፋም። ስለዚህ ከሌላ ሰው የሚተላለፍ አይደለም፤ ከውስጥ የሚነሣ ነው። ይህንኑ ለማመሳከር በስኮትላንድ ሰሜን በሼትላንድ ደሴቶች የምትገኘውን የዬልን ነዋሪዎች ጭምር አጥንቷል። በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ ቫይረሱ ከጉድፍ በኋላ በስሜት ነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ ተደብቆ እንደሚኖር፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል ሲዳከም እንደሚነሣና በነርቭ ክር ተጉዞ ወደ ቆዳ እንደሚወጣ የሚገልጽ የተሟላ መላምት አቀረበ። ጉድፍ ከያዘው ልጅ ጋር መገናኘት የትልቁን ሰው መከላከያ ኃይል ሊያድስ እንደሚችልም ገመተ።

ያን ጊዜ ይህን በቀጥታ ማረጋገጫ መሣሪያ አልነበረም። ማረጋገጫው የመጣው ወደ 20 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በ1983 ዶናልድ ጊልደንና ባልደረቦቹ በሌላ ምክንያት በሞቱ ሰዎች የስሜት ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ የቫይረሱን ዘረመል አገኙ። በ1984 ደግሞ ስትራውስና ባልደረቦቹ አንድን ሕመምተኛ መጀመሪያ ጉድፍ ኋላም አልማዝ ባለጭራ በያዘው ጊዜ ከሁለቱም የተወሰደውን ቫይረስ አነጻጽረው ዘረመሉ አንድ ዓይነት መሆኑን አሳዩ። የገጠሩ ሐኪም በመዝገብና በእርሳስ የደረሰበት መደምደሚያ በላቦራቶሪ ጸና።

ብርቅ ጉዳቶች በአንድ ሥር

ቫይረሱ በነርቭ ቋጠሮ ውስጥ እንደሚኖር ከታወቀ በኋላ ቀድሞ ተበታትነው ይታዩ የነበሩ ጉዳቶች በአንድ ሥር ተሰበሰቡ። ከሽፍታው በኋላ ወራትና ዓመታት የሚዘልቀው የነርቭ ሕመም ብርቅ አይደለም፤ በተለይ በአረጋውያን ላይ የተለመደ ነው። ከእርሱ ሌላ ያሉት ግን ጥቂት ሰዎችን የሚይዙ ናቸው፤ ጥቂት ስለሆኑም በቀላሉ ይረሳሉ።

በሕፃናት ላይ ከጉድፍ በኋላ የሚታየው የታወቀው ጉዳት የትንሹ አንጎል ብግነት ነው። ሽፍታው መድረቅ ሲጀምር ልጁ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይጎተታል። ከ4000 የጉድፍ ሕሙማን ልጆች በአንዱ ላይ እንደሚደርስ ይገመታል፤ አብዛኞቹም በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። ከዚህ የከፋው የአንጎል ብግነትና ከጉድፍ ወራት በኋላ በልጆች ላይ የሚደርሰው የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ነው። ጉድፍ ለያዘው ልጅ አስፕሪን እንዳይሰጥ የሚለው ማስጠንቀቂያ ከ1980ዎቹ ወዲህ የተጠናከረውም፣ አንጎልንና ጉበትን በአንድነት ከሚጎዳው ከሬይ በሽታ ጋር ተያይዞ ነው።

በትልልቅ ሰዎች ላይ ደግሞ በዓይንና በግንባር ዙሪያ ከወጣ አልማዝ ባለጭራ ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ በተቃራኒው የሰውነት ጎን ሽባነት ሊመጣ ይችላል። ነገሩ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር። ሽፍታው በግራ ግንባር፣ ሽባነቱ በቀኝ እጅና እግር፤ በመካከሉም ብዙ ሳምንታት። መልሱ የተገኘው ከነርቭ አቀማመጥ ነው። ለግንባርና ለዓይን ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ቅርንጫፎቹን በራስ ቅል ውስጥ ወዳሉት ደም ሥሮችም ይልካል፤ ቫይረሱም በዚሁ መንገድ ተጉዞ የደም ሥሩን ግድግዳ ያቃጥላል። በ1980 የታተመ የአስከሬን ምርመራ በአንጎል ደም ሥር ግድግዳ ላይ የቫይረሱን ምልክት አሳይቷል። እንግዲህ ድንገተኛ ሽባነት የደረሰበትን ሰው ስንመረምር ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ብቻ ሳይሆን ባለፉት ወራት በፊቱ ላይ ስለ ወጣ ሽፍታም መጠየቅ ይገባናል።

በታችኛው የጀርባ ነርቭ ላይ የሚነሣው ቫይረስ ሽንት ሊያግድ ይችላል። በደረትና በሆድ ነርቭ ላይ የተነሣው የሆድ ጡንቻን አዳክሞ ቡአ የሚመስል እብጠት ያመጣል፤ ሐኪሙ ካላስተዋለ ሕመምተኛው ለማይገባው ቀዶ ሕክምና ሊታጭ ይችላል። ኅብለ ሰረሰር ራሱ ሲቃጠልም ሁለቱም እግሮች ይደክማሉ። ሽፍታ ፈጽሞ ሳይወጣ የነርቭ ጉዳት ብቻ የሚታይበት ጊዜም አለ።

መድኃኒትና ክትባት

አሲክሎቪር በ1970ዎቹ ተሠርቶ በ1980ዎቹ ሥራ ላይ ዋለ። የመድኃኒቱን አሠራር ካብራሩት መካከል ግንባር ቀደሟ ጌርትሩድ ኤልየን በ1988 ከሒቺንግስና ከብላክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። መድኃኒቱ ቫይረሱ በሚባዛበት ጊዜ ያግደዋል፤ በነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ያደፈጠውን ግን አያጠፋም። ለአልማዝ ባለጭራ የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ክትባቱን የሠራው ጃፓናዊው ሚቺያኪ ታካሃሺ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ሒውስተን ከተማ ሳለ ልጁን ጉድፍ ክፉኛ ይዞት ነበር፤ ይህም ለሥራው እንዳነሣሣው ይነገራል። ቫይረሱን በላቦራቶሪ አዳክሞ ያዘጋጀውን ክትባት በ1974 ለዓለም አስታወቀ። ክትባቱ በአሜሪካ በ1995 ተፈቀደ። በ2005 የታተመ፣ 38546 ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ከዚሁ ዓይነት ቫይረስ በከፍተኛ መጠን የተዘጋጀ ክትባት አልማዝ ባለጭራን በግማሽ ያህል፣ ተከትሎት የሚመጣውን የነርቭ ሕመም ደግሞ በሁለት ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። በ2017 ሕያው ቫይረስ የሌለበትና ይበልጥ ውጤታማ የሆነ ሌላ ክትባት ተፈቀደ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2025 የታተመ የዌልስ ጥናት ያልታሰበ ነገር አሳይቷል። በዚያ ሀገር የአልማዝ ባለጭራ ክትባት በ2013 ሲጀመር በልደት ቀን ተወስኖ ስለ ነበር፣ ከመስከረም 2 ቀን 1933 ወዲህ የተወለዱት ሲያገኙት ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀድመው የተወለዱት አላገኙትም። በዕድሜ እኩል የሆኑት እነዚህ ሁለት ወገኖች ለ7 ዓመታት ሲነጻጸሩ በተከተቡት ዘንድ አዲስ የታወቀው የአእምሮ መሳት በሽታ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ገና በመመርመር ላይ ነው። ሆኖም በቆዳ ላይ የታየ ሽፍታ ተብሎ የተጀመረው ታሪክ እስከ አንጎል ጤና ድረስ መድረሱ ያስደንቃል።

በሀገራችን

በእኛ ትውልድ ሐኪሞች ዘንድ አልማዝ ባለጭራ ሌላ ትርጉምም አለው። በ1980ዎቹ የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በአፍሪካ ሲስፋፋ በወጣት ላይ የሚወጣ አልማዝ ባለጭራ የቫይረሱ ቀዳሚ ምልክት መሆኑ ታወቀ። በሳንፍራንሲስኮ የተደረገና በ1992 የታተመ ጥናት ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለባቸው ወንዶች በዓመት ከ1000 ሰው 29.4፣ በሌሉባቸው ግን 2 ያህል ብቻ እንደሚያዙ አሳየ። በ1997 ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በዓይን ዙሪያ የወጣ አልማዝ ባለጭራ ስላለባቸው ሕሙማን ባሳተሙት ጥናትም ከተመረመሩት እጅግ የሚበዙት ኤች አይ ቪ በደማቸው ተገኝቶባቸዋል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን ከ2005 ጀምሮ በነፃ መሰጠቱ ይህን ገጽታ ብዙ ለውጦታል። ያም ሆኖ በጎልማሳ ዕድሜ አልማዝ ባለጭራ ለወጣበት ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራ ማቅረብ የዘወትር ተግባራችን ሆኖ ይኖራል። ምርመራውን ስናቀርብ ግን በጥንቃቄ ይሁን፤ ሽፍታው የወጣበት ሁሉ ቫይረሱ ያለበት አለመሆኑን ማስረዳት ይገባል። ሽፍታውን ከሰው የሚሸሽጉ፣ በዚያም ምክንያት ዘግይተው የሚመጡ አሉና።

ሁለተኛው መዘግየት ከባህል ሕክምና ጋር የተያያዘ ነው። በሀገራችን ስለ ባህል መድኃኒቶች በተደረጉ ጥናቶች ውስጥ አልማዝ ባለጭራ በተደጋጋሚ ከሚጠቀሱት ሕመሞች አንዱ ነው። ሕመምተኛው ወደ አዋቂ ሄዶ ቅጠል ይቀባል፤ ሽፍታውም በሁለትና በሦስት ሳምንት ይደርቃል። ከሐኪም ዘንድ ቢመጣም ባይመጣም ይደርቅ ነበርና መድኃኒቱ እንደ ሠራ ይቆጠራል። በዚህ መካከል 72ቱ ሰዓታት ያልፋሉ። አዋቂውን መንቀፍ አይጠቅመንም። ይልቁንስ ሕዝቡ በሽታውን በስሙ ለይቶ ማወቁ ትልቅ ሀብት ነው፤ በዓይን፣ በግንባርና በጆሮ አካባቢ ሲወጣ ቀን ሳይያድር ወደ ጤና ተቋም መምጣት እንደሚያስፈልግ ማስተማር የሚቀለው ስሙ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው።

ክትባቱን በተመለከተ፣ የጉድፍም ሆነ የአልማዝ ባለጭራ ክትባት በሀገራችን መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የለም። ብዙ ሕፃናትን የሚገድሉ ሌሎች በሽታዎች ባሉበት ሀገር ቅደም ተከተል መኖሩ አያስወቅስም። ነገር ግን ዕድሜው የሚረዝም ሕዝብ፣ የስኳርና የካንሰር ሕሙማን፣ የመከላከያ ኃይልን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቁጥር ሲጨምር አልማዝ ባለጭራም አብሮ መጨመሩ አይቀርም። ያን ጊዜ ለመወሰን የሚያስፈልገው ቁጥር ዛሬ በየጤና ተቋሙ መዝገብ ውስጥ መጻፍ አለበት።

መደምደሚያ

ከላይ የተተረከው ታሪክ በጥቂት ቃላት ቢጠቃለል እንዲህ ነው። ቦካይ የሕመምተኛን ቤተሰብ ጠየቀ። ሃንት የፊት ሽባ የሆነውን ሰው ጆሮ አየ። ሆፕ ሲምፕሰን በአንዲት ትንሽ ከተማ 192 ሰዎችን ለ16 ዓመታት መዘገበ። ሦስቱም የተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች በማንኛውም የወረዳ ሆስፒታል ይገኛሉ፦ ጥያቄ፣ ዓይንና መዝገብ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የማሳስበው ሦስት ነገር ነው። ፊቱ የተጣመመውን ሰው ጆሮ፣ የራስ መሸፈኛውን በአክብሮት አስፈትተን፣ እንመልከት። ሽባነት የደረሰበትን ሰው ስላለፉት ወራት ሽፍታ እንጠይቅ፤ ስንጠይቅም «አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብዎት ነበር?» ብለን በሚያውቀው ስም ይሁን። ያየነውንም ቀኑንና ቦታውን ጨምረን እንጻፍ።

እኚያ ካህን ዓይናቸው በሕክምና ዳነ፤ ፊታቸው ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ ካርዳቸውን አውጥቼ «የቤል የፊት ሽባነት» የሚለውን ሰርዤ ትክክለኛውን ስም ጻፍሁበት። መዝገቡ ተስተካክሏል። ከዚያ ወዲህ ጆሮውን ሳላይ ያሰናበትሁት የፊት ሽባ ሕመምተኛ የለም።